ከቦታ ዕውቀት ወደ ቃል ዕውቀት፦ በሥርዓተ ክወና ሽግግር የሥዕላዊ ምናሌና የትእዛዝ መስመር ድርሻ

አኅጽሮተ ጥናት

ከአንድ ሥርዓተ ክወና ወደ ሌላው የሚደረግ ሽግግር ዘወትር የሚመዘነው በፈቃድ ክፍያና በማሽን አቅም ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ተጠቃሚው ከቀድሞው ሥርዓት ይዞት የሚሻገረውን ዕውቀት ይመረምራል። ቀደም ሲል የታተሙ ጥናቶችን፣ የሥርዓቶቹን ታሪክና የሁለት አውሮፓውያን ተቋማትን ተሞክሮ መሠረት በማድረግ፣ ሥዕላዊ ምናሌ በዋነኛነት «ነገሩ የት ይገኛል» የሚል የቦታ ዕውቀት፣ የትእዛዝ መስመር ደግሞ «ነገሩ ምን ይባላል» የሚል የቃል ዕውቀት እንደሚያከማች ያሳያል። የቦታ ዕውቀት በፍጥነት ይገኛል፤ ገጽታው ሲቀየር ግን ቀድሞ ይጠፋል። የቃል ዕውቀት በዝግታ ይገኛል፤ ለረዥም ጊዜ ያገለግላል፤ ሳይስተዋል ሲሠራበት ግን ከባድ ጉዳት ያስከትላል። ከዚህ በመነሣት ጽሑፉ የሽግግር ሥልጠና ሁለቱን በሥራ ዓይነት እንዲያከፋፍል ሐሳብ ያቀርባል፤ በአማርኛ የሚሠሩ ተጠቃሚዎች ሊያተኩሩባቸው የሚገቡ ነጥቦችንም ያመለክታል።

ቁልፍ ቃላት፦ ሥርዓተ ክወና፣ ሥዕላዊ ምናሌ፣ የትእዛዝ መስመር፣ ሊኑክስ፣ የዕውቀት ሽግግር

1. መግቢያ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተሰኘ የደኅንነት አካልን ጨምሮ በርካታ ቆየት ያሉ ኮምፒውተሮች የማያሟሏቸውን ቅድመ ሁኔታዎች ይጠይቃል። በመሆኑም ያረጁ ማሽኖች ያሏቸው ቤተ ሙከራዎችና ጽሕፈት ቤቶች አዲስ ዕቃ ከመግዛት፣ የደኅንነት ማሻሻያ በማይደርሰው ሥርዓት ከመቀጠል፣ ወይም እንደ ሊኑክስ ወዳለ ሌላ ሥርዓት ከመሻገር አንዱን ለመምረጥ ይገደዳሉ።

ሦስተኛው መንገድ በተነሣ ቁጥር አንድ የቆየ ክርክር አብሮ ይነሣል። አንደኛው ወገን የዛሬው ሊኑክስ የተሟላ ምናሌ ስላለው ተጠቃሚው አንዲት ትእዛዝ ሳይጽፍ መሥራት ይችላል ይላል። ሌላው ወገን የትእዛዝ መስመርን ያላወቀ ሥርዓቱን አላወቀም ሲል ይሞግታል። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ «የትኛው ይቀላል?» በሚል ጥያቄ ዙሪያ ይሽከረከራል። ጥያቄው ግን ሽግግርን የሚመለከት አይደለም፤ ለጀማሪም ሆነ ለነባር፣ ሥርዓቱን ለቀየረም ሆነ ላልቀየረ በእኩል ሊቀርብ የሚችል ነው። በሽግግር ወቅት ተገቢው ጥያቄ «ትናንት የተማረው ነገር ዛሬ ምን ያህሉ ያገለግለዋል? ዛሬ የሚማረውስ ነገ ምን ያህሉ ይቀርለታል?» የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ጥያቄ መመርመር ነው።

2. የሁለቱ መንገዶች አመጣጥ

የትእዛዝ መስመር የተወለደው ስክሪን ብርቅ በነበረበት ዘመን ነው። ዩኒክስ በ1969 በቤል ቤተ ሙከራዎች በኬን ቶምፕሰንና በዴኒስ ሪቺ ሲጀመር ሰው ከማሽኑ ጋር የሚነጋገረው ወረቀት ላይ በሚያትም የጽሕፈት መሣሪያ ነበር። በጊዜው በስፋት ይሠራበት የነበረው ቴሌታይፕ ሞዴል 33 በሰከንድ ከ10 ፊደላት በላይ ማተም አይችልም ነበር። የፋይል ዝርዝር የሚያሳየው «ኤልኤስ»፣ የሚቀዳው «ሲፒ»፣ የሚሰርዘው «አርኤም» በሁለት የላቲን ፊደላት ብቻ መጻፋቸው ከዚህ ሁኔታ ጋር የተያያዘ ነው። በ1973 የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው የሚያቀብል መንገድ ተጨመረ፤ ጥቃቅን ትእዛዞችን እንደ ሰንሰለት አያይዞ ትልቅ ሥራ መሥራት የተቻለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሥዕላዊው መንገድ ሌላ ሐረግ አለው። ዳግላስ ኤንግልባርት ማውስን በሳን ፍራንሲስኮ ለሕዝብ ያሳየው በ1968 ነበር። የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል በ1973 አልቶ የተባለውን ኮምፒውተር ሠራ፤ ኩባንያው በ1981 ስታር የተባለውን ለገበያ አቀረበ። አፕል በ1984 ማኪንቶሽን አወጣ። በ1995 የወጣው ዊንዶውስ 95 ደግሞ ከስክሪኑ ግርጌ በስተግራ የሚገኘውን የ«ስታርት» ቁልፍ የብዙ ሚሊዮን ሰዎች የእጅ ልማድ አደረገው።

ለሽግግር ጉዳይ ወሳኙ ልዩነት ያለው በሁለቱ አገነባብ ላይ ነው። በዊንዶውስ ሥዕላዊው ገጽታ የሥርዓቱ አካል ሆኖ የተሠራ ነው። በሊኑክስ ግን ሥዕላዊው ገጽታ ከሥርዓቱ በላይ የሚቀመጥ፣ ሊነሣና በሌላ ሊተካ የሚችል ንብርብር ነው። ሊኑክስ ራሱ በ1991 ሲጀመር፣ ዋና ዋናዎቹ ሥዕላዊ ገጽታዎቹ ኬዲኢ በ1996፣ ግኖም በ1997 ተጀምረዋል። ስለሆነም ከዊንዶውስ የመጣ ሰው ሊኑክስ ውስጥ የሚያገኘው አንድ ምናሌ ሳይሆን በርካታ ምናሌዎችን ነው። በግኖም የተጻፈ የምናሌ መመሪያ በኬዲኢ አይሠራም፤ በሁለቱም ላይ የተከፈተ ተርሚናል ግን ያንኑ ትእዛዝ ይቀበላል። ስለ ሊኑክስ የሚሰጡ ምክሮች በአብዛኛው በትእዛዝ መልክ የሚቀርቡት መካሪዎቹ ምናሌን ስለሚንቁ ብቻ አይደለም፤ የጠያቂውን ምናሌ ሳያዩ ሊሰጡት የሚችሉት መልስ ይህ በመሆኑ ጭምር ነው።

3. አይቶ መለየትና አስታውሶ መጻፍ

በሰውና በኮምፒውተር ግንኙነት ጥናት ዘርፍ አይቶ መለየት አስታውሶ ከማውጣት ይልቅ ቀላል መሆኑ የታወቀ ነው። የአንድን ሰው ስም ለማስታወስ የሚቸገር ሰው ስሙን ከዝርዝር ውስጥ ሲያየው ወዲያው ይለየዋል። ምናሌ የሚሠራው በዚህ ጠባይ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ የሚቻለውን ሁሉ ደርድሮ ያሳያል፤ የተጠቃሚው ድርሻ መምረጥ ብቻ ይሆናል። ቤን ሽናይደርማን በ1983 ይህን አሠራር ሲተነትን ጥንካሬው በሦስት ነገሮች ላይ መቆሙን አመልክቷል፤ እነርሱም ነገሮች በዓይን መታየታቸው፣ ድርጊቱ በእጅ እንቅስቃሴ መፈጸሙ፣ ውጤቱም ወዲያው መታየቱና ሊመለስ መቻሉ ናቸው።

በአንጻሩ ዶናልድ ኖርማን በ1981 በጻፈው ሒስ የዩኒክስ ትእዛዞች ስማቸው ከሥራቸው ጋር የማይገናኝና እርስ በርሱ የማይጣጣም መሆኑን፣ ሥርዓቱም ለተጠቃሚው ዝምተኛ መሆኑን በብርቱ ነቅፏል። ነቀፋው ዛሬም ለጀማሪ እውነት ነው። ባዶ ተርሚናል የከፈተ ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል የሚነግረው ምንም ነገር የለም።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ «ምናሌ ይበልጣል» ብሎ መደምደም ጥናቶቹ ከሚሉት በላይ መሄድ ነው። ጆን ኋይትሳይድና ባልደረቦቹ በ1985 ባቀረቡት ጥናት በትእዛዝ፣ በምናሌና በሥዕላዊ ምልክት የሚሠሩ 7 ሥርዓቶችን በ76 ተጠቃሚዎች አወዳድረው ነበር። በሥርዓቶቹ መካከል ትልቅ ልዩነት ቢያገኙም ልዩነቱ ከገጽታው ዓይነት ጋር አልተያያዘም፤ ይልቁንም ወሳኙ እያንዳንዱ ሥርዓት የተነደፈበት ጥንቃቄ ሆኖ ተገኘ። ለመማር የሚቀል ነገር ለመሥራት የግድ እንደማይከብድም አመልክተዋል።

ሌላ መታየት ያለበት ነጥብ ምናሌ ተጠቃሚውን ወደሚቀጥለው ደረጃ የማሸጋገሩ ጉዳይ ነው። ዴቪድ ሌንና ባልደረቦቹ በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ በጽሑፍ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ልምድ ያካበቱ ሰዎች እንኳ ፈጣን የቁልፍ አቋራጮችን ትተው በምናሌና በምልክት መሥራታቸውን እንደሚቀጥሉ አሳይተዋል። ጆን ካሮልና ሜሪ ቤዝ ሮሰን በ1987 የዚህን መሰል ባሕርይ ሁለት ምክንያቶች ለይተው ነበር። አንደኛው፣ ሰው ሥራውን ለመጨረስ ስለሚቸኩል ለመማር ጊዜ አለመስጠቱ ነው። ሁለተኛው፣ አዲሱን ነገር በቀድሞው ዕውቀቱ መነጽር ማየቱ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ለሽግግር ጥናት ልዩ ክብደት አለው፤ ተጠቃሚው ባዶ እጁን አይሻገርምና።

4. ምን ይሻገራል? ምንስ ይቀራል?

4.1 የቦታ ዕውቀት ዕድሜ

የምናሌ ዕውቀት የቦታ ዕውቀት ነው። ተጠቃሚው ብዙ ጊዜ የሚያውቀው የተግባሩን ስም ሳይሆን መንገዱን ነው፤ «ከላይ፣ በስተቀኝ፣ ሦስተኛው»። ይህ ዕውቀት እጅን እያፈጠነ ይሄዳል፤ ቦታው በተለወጠ ዕለት ግን ፋይዳው ያቆማል። ለዚህ ሥርዓተ ክወና መቀየር እንኳ አያስፈልግም። በኦክቶበር 2012 የወጣው ዊንዶውስ 8 የ«ስታርት» ቁልፍን አስወግዶ ምናሌውን በሙሉ ስክሪን ገጽ ሲተካው የቅሬታው ብዛት ኩባንያው በቀጣዩ ዓመት በ8.1 ቁልፉን እንዲመልስ፣ በ2015ቱ ዊንዶውስ 10 ደግሞ ምናሌውን ራሱን እንዲመልስ አድርጎታል። ኡቡንቱ በ2011 ዩኒቲ የተባለ አዲስ ገጽታ ዋና አድርጎ ካቀረበ በኋላ በ2017 ትቶት ወደ ግኖም ተመልሷል። በነዚህ ዓመታት በኡቡንቱ የቆየ ሰው ሥርዓቱን ሳይለቅ የምናሌ አቀማመጥን ሁለት ጊዜ እንደገና መማር ነበረበት።

4.2 የቃል ዕውቀት ዕድሜና ወሰኑ

ፋይል መዘርዘር፣ መቅዳት፣ ማንቀሳቀስና በጽሑፍ ውስጥ ቃል መፈለግን የሚመለከቱት የዩኒክስ ትእዛዞች ከ1970ዎቹ ጀምሮ በስማቸው ዘልቀዋል። እነዚሁ ትእዛዞች በሊኑክስ ስርጭቶች ሁሉ፣ በማክ ኮምፒውተር ተርሚናል፣ እንዲሁም በምርምር ሰርቨሮች ላይ ይገኛሉ። ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከኖቬምበር 2017 ወዲህ በዓለም 500 ታላላቅ ሱፐርኮምፒውተሮች ዝርዝር ውስጥ የሚገኙት ሁሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው፤ ከሩቅ የሚደረስባቸውም በአመዛኙ በትእዛዝ መስመር ነው።

የቃል ዕውቀት ግን ዘላለማዊ አይደለም። ሁለት ንብርብሮችን መለየት ያስፈልጋል። የላይኛው ንብርብር ከላይ የተጠቀሰው የፋይልና የጽሑፍ ሥራ ነው፤ ይህ እምብዛም አይለወጥም። የታችኛው ሥርዓቱን ማስተዳደርን ይመለከታል፤ ይህ ከስርጭት ስርጭት፣ ከዘመን ዘመን ይለያያል። ፕሮግራም ለመጫን በኡቡንቱና በዴቢያን «ኤፒቲ»፣ በፌዶራ «ዲኤንኤፍ» ያስፈልጋል። የኔትወርክ ሁኔታን ለማየት ለዓመታት ይሠራበት የነበረው «አይኤፍኮንፊግ» በብዙ ስርጭቶች በ«አይፒ» ተተክቷል። ከአሥር ዓመት በፊት የተጻፈ የትእዛዝ መመሪያ በላይኛው ንብርብር ሳይዛነፍ ሊሠራ፣ በታችኛው ግን ጨርሶ ላይሠራ ይችላል። አሠልጣኝ ይህን ልዩነት ካልነገረ ሠልጣኙ የመጀመሪያው ትእዛዝ እምቢ ባለው ጊዜ ተርሚናልን በሙሉ ይጠላል።

4.3 መልካቸው የሚመሳሰል፣ ጠባያቸው የሚለያይ

ከማያውቁት ነገር ይልቅ ያወቁት የሚመስለው ነገር የበለጠ ያሳስታል። በዊንዶውስ ኮንትሮልንና ሲን አንድ ላይ መጫን መቅዳት ማለት ነው፤ በሊኑክስ ተርሚናል ግን በመሄድ ላይ ያለውን ሥራ ያቋርጣል። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ የላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደልን በአብዛኛው አይለይም፤ ሊኑክስ ግን እንደ ሁለት ስም ይቆጥራቸዋል። በ2006 የወጣው የዊንዶውስ ፓወርሼል «ኤልኤስ» እና «አርኤም» የሚሉ ስሞችን ይቀበላል፤ ይሁንና እነዚህ ስሞች ለሌሎች ትእዛዞች የተሰጡ ቅጽል ስሞች ሲሆኑ፣ በሊኑክስ ከትእዛዙ ቀጥለው የሚጻፉትን ተጨማሪ ምርጫዎች እንደዚያው አይረዱም። ካሮልና ሮሰን የገለጹት በአሮጌ መነጽር ማየት በምናሌ ብቻ ሳይሆን በትእዛዝም ዘንድ አለ ማለት ነው።

4.4 የሁለቱ መቀራረብ

ሁለቱን መንገዶች የሚለየው ግድግዳ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሳሳ መጥቷል። በተርሚናል ውስጥ የስሙን መጀመሪያ ጽፎ የታብ ቁልፍን መጫን ቀሪውን ያሟላል፤ ወይም አማራጮቹን ይዘረዝራል። ይህ ማስታወስን በከፊል ወደ አይቶ መለየት ይቀይረዋል። በሌላ በኩል የዊንዶውስም ሆነ የግኖም ምናሌ ዛሬ የመፈለጊያ ሣጥን አለው፤ ተጠቃሚው የሚፈልገውን ነገር ስም ሲጽፍ ቦታውን ሳያውቅ ይደርስበታል። ስለዚህ የነገሮችን ስም ማወቅ ተርሚናልን ጨርሶ ለማይከፍት ሰው እንኳ ይጠቅመዋል። ከምናሌ ወደ ምናሌ በሰላም የሚሻገረውም ዕውቀት ይኸው የስም ዕውቀት ነው።

5. ስሕተትና መመለሻው

በሥዕላዊ ገጽታ የተሰረዘ ፋይል በአብዛኛው ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ሲጸጸት ያወጣዋል። በተርሚናል «አርኤም» የተሰረዘ ፋይል ግን መጣያ የለውም። መቅዳትና ማንቀሳቀስም በተለመደው አሠራራቸው በዚያ ስም የነበረውን ፋይል ሳይጠይቁ ይተኩታል።

አንድ ምሳሌ የችግሩን ቅርበት ያሳያል። «ጥናት 2015» የሚል ስም ያለው ፎልደር አለ እንበል። ተማሪው ይህን ፎልደር ለመሰረዝ ስሙን በትእምርተ ጥቅስ ሳያጥር ቢጽፍ፣ ተርሚናሉ በቃላቱ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ እንደ መለያ ቆጥሮ «ጥናት» እና «2015» የሚሉ ሁለት ስሞች እንደተሰጡት ይረዳል። በዚያው ቦታ «ጥናት» የሚባል ሌላ ፎልደር ካለና ትእዛዙ ፎልደርን ከነይዘቱ እንዲሰርዝ ከታዘዘ፣ የሚጠፋው ያልታሰበው ፎልደር ይሆናል። በምናሌ እንዲህ ያለ ስሕተት አይደርስም፤ እጅ የሚያርፈው ዓይን ባየው ላይ ነውና።

ምናሌ ደግሞ የራሱ ድክመት አለው፤ ዱካ አይተውም። ከብዙ የቅንብር ገጾች ውስጥ ትናንት የትኛውን እንደነካ የዘነጋ ሰው መመለሻውን አያገኘውም፤ ከሩቅ ሊረዳው ለሚፈልግ ባለሙያም የሚያሳየው ነገር የለውም። የትእዛዝ መስመር የተጻፈውን በታሪክ መዝገብ ያቆያል። ትእዛዙ ሊቀዳ፣ ሊላክ፣ በሌላ ሰው ሊመረመር፣ በ30 ማሽኖች ላይ ሊደገም ይችላል። መረጃን በትእዛዝ ያጸዳ ተመራማሪ ያደረገውን ደረጃ በደረጃ ማሳየት ይችላል፤ በማውስ ያደረገው ግን ማሳየት የሚችለው ራሱ ማስታወሻ ከያዘ ብቻ ነው።

ይኸው ተላላፊነት አደጋም ይዞ ይመጣል። ጀማሪው ከሌላ ሰው ያገኘውን ትእዛዝ ትርጉሙን ሳያውቅ ገልብጦ፣ የአስተዳዳሪውን ሥልጣን በሚሰጠው «ሱዱ» አስቀድሞ፣ የይለፍ ቃሉን ሰጥቶ ያስኬደዋል። ይህ የቃል ዕውቀት አይደለም፤ በማያውቁት ቋንቋ በተጻፈ ውል ላይ እንደ መፈረም ነው።

6. ሁለት ተቋማዊ ተሞክሮዎች

የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ ምክር ቤት በ2003 ከዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 ወደ ሊኑክስ ለመሻገር ወሰነ። ሊሙክስ የተባለው ይህ ፕሮጀክት እስከ 2013 ድረስ ወደ 15,000 የሚጠጉ የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተሮችን አሻግሯል። የሥራ ክፍፍሉ ለዚህ ጽሑፍ ነጥብ አስረጂ ነው። ሠራተኛው የሚያየው አንድ ወጥ ሥዕላዊ ገጽታ ነበር፤ የደብዳቤና የቅጽ ሥራውን የሚያቀልለት ዎልሙክስ የተባለ መሣሪያም ተዘጋጅቶለታል። ማሽኖቹን የመጫኑ ሥራ ግን በጽሑፍ በተቀመጡ መመሪያዎች ራሱን በራሱ የሚያከናውን ነበር። ከተማዋ በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወስናለች፤ የውሳኔው ምክንያት ፖለቲካዊም ቴክኒካዊም ገጽታ ስላለው እስካሁን ያከራክራል። ስለዚህ ተሞክሮው ለምናሌም ሆነ ለትእዛዝ ድል ወይም ሽንፈት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። የሚያሳየው፣ በትልቅ ተቋም ውስጥ ሁለቱ መንገዶች በሥራ ድርሻ ተከፋፍለው ጎን ለጎን መኖራቸውን ነው።

የፈረንሳይ ብሔራዊ ዣንዳርሜሪ በሌላ ቅደም ተከተል ሄዷል። በ2005 በዊንዶውስ ላይ እንዳለ የቢሮ ፕሮግራሞቹን ወደ ኦፕን ኦፊስ ቀየረ። ቀጥሎም የድረ ገጽ ማሰሻውንና የኢሜይል ፕሮግራሙን ወደ ፋየርፎክስና ወደ ተንደርበርድ ለወጠ። ሥርዓተ ክወናውን ወደ ኡቡንቱ ማሻገር የጀመረው ከነዚህ በኋላ በ2008 ሲሆን፣ በቀጣዮቹ ዓመታት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን አዳርሷል። ይህ ቅደም ተከተል ከቦታ ዕውቀት አንጻር ሲታይ ጥበቡ ግልጽ ነው። ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ የሚያየው የሥርዓተ ክወናውን ምናሌ ሳይሆን የፕሮግራሞቹን ምናሌ ነው። ሥርዓቱ በተለወጠ ዕለት እነዚህ ምናሌዎች በቦታቸው ስለቆዩ የጠፋው የቦታ ዕውቀት ጥቂት ነበር።

7. በአማርኛ ለሚሠሩ ተጠቃሚዎች

የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከተካተተ ወዲህ በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎች በሁለቱም ሥርዓቶች ይሠራሉ። ሽግግሩ ግን አራት ነጥቦችን ያስነሣል።

አንደኛው የምናሌ ትርጉም ነው። በሊኑክስ የአማርኛ ገጽታ የመረጠ ሰው ያልተተረጎመ ቃል ሲያጋጥም የሚያየው እንግሊዝኛውን ነው። ስለዚህ ምናሌው ከሁለት ቋንቋ የተቀላቀለ ሊሆን ይችላል። አይቶ የመለየት ቀላልነት የሚሠራው ቃሉ ለአንባቢው ሲገባ ብቻ በመሆኑ የምናሌ ብልጫ እዚህ ላይ ይቀንሳል። የትእዛዝ ስም በየትኛውም ቋንቋ አይተረጎምም፤ «ኤልኤስ» ለእንግሊዛዊም ቢሆን ቃል አይደለም።

ሁለተኛው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። «ሰላም» እና «ሠላም» በዓይን ለሚፈልግ ሰው አንድ ናቸው፤ በትእዛዝ ለሚፈልግ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የሀ፣ የሐና የኀ፣ እንዲሁም የጸና የፀ ነገርም እንዲሁ ነው። በአማርኛ ጽሑፍ ላይ የሚሠራ ተመራማሪ ፍለጋው ሁሉንም አጻጻፍ እንዲያካትት ካላደረገ የሚያገኘው ቁጥር ጎዶሎ ይሆናል።

ሦስተኛው የስም ርዝመት ነው። ዊንዶውስ በሚጠቀምበት ኤንቲኤፍኤስ የፋይል ስም እስከ 255 ፊደላት ይፈቀዳል። በብዙ የሊኑክስ ስርጭቶች የሚሠራበት ኢኤክስቲ4 ወሰኑ 255 ባይት ነው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ በተለመደው ዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ከ85 የግዕዝ ፊደላት በላይ የሆነ ስም ያለው ፋይል በዊንዶውስ ተቀምጦ ወደ ሊኑክስ አይቀዳም። የመመረቂያ ጽሑፍን ሙሉ ርእስ የፋይል ስም ማድረግ ለተለመደበት ሰው ይህ ሊያጋጥም የሚችል ነገር ነው፤ ከሽግግሩ በፊት ረዣዥም ስሞችን ማሳጠር ይገባል።

አራተኛው የቁልፍ ሰሌዳ ነው። በአማርኛ ለተሰየመ ፋይል ትእዛዝ የሚጽፍ ሰው ትእዛዙን በላቲን፣ ስሙን በግዕዝ ለመጻፍ በአንድ መስመር ውስጥ ሰሌዳውን መቀያየር ይኖርበታል። በዚህ ረገድ ምናሌ ይቀላል፤ ለተርሚናል ሥራ የሚዘጋጁ ፎልደሮችን በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ መሰየምም ሥራውን ያቃልላል።

8. ለሥልጠና የቀረበ ቅደም ተከተል

ከላይ ከተደረገው ትንተና በመነሣት የሚከተለው አካሄድ ቀርቧል።

ሀ. ሥርዓቱን ከመለወጥ በፊት ፕሮግራሞቹን መለወጥ። ተጠቃሚው በለመደው ዊንዶውስ ላይ ሆኖ በሊኑክስም ያሉትን የቢሮና የድረ ገጽ ፕሮግራሞች ይላመድ።

ለ. ሥራዎችን መዘርዘርና መመደብ። በየቀኑ በዓይን እየታዩ የሚሠሩት፣ እንደ ጽሑፍ ማዘጋጀት፣ ፋይል መክፈትና ማተም ያሉት በምናሌ ይሁኑ። በብዛት የሚደጋገሙት፣ በብዙ ማሽኖች ላይ የሚፈጸሙትና ማስረጃ የሚያስፈልጋቸው በትእዛዝ ይሁኑ።

ሐ. ተርሚናልን ምንም በማይለውጡ ትእዛዞች መጀመር። ያሉበትን ቦታ የሚነግር፣ ፋይል የሚዘረዝር፣ የፋይል ይዘት የሚያሳይና የትእዛዝን መመሪያ የሚከፍት ትእዛዝ ቢሳሳቱበትም አይጎዳም። መሰረዝና መተካት የሚማሩት ከነዚህ በኋላና በመለማመጃ ፎልደር ውስጥ ብቻ ይሁን።

መ. ከመሰረዝ በፊት መዘርዘር። ለመሰረዝ የታሰበውን ስም በቅድሚያ ለዝርዝር ትእዛዝ ሰጥቶ የሚወጣውን ማየት የምናሌን ብልጫ፣ ማለትም አይቶ መለየትን ወደ ተርሚናል ያመጣዋል።

ሠ. የትእዛዝ ደብተር መያዝ። ከሌላ የተገኘ ትእዛዝ ከመሄዱ በፊት ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚለውጥና እንዴት እንደሚመለስ በአማርኛ ይጻፍ። ሦስቱን መጻፍ ያልተቻለበት ትእዛዝ በሥራ ማሽን ላይ አይሂድ።

ረ. ምናሌን ሲያስተምሩም ስምን ማስተማር። «ሦስተኛውን ተጫን» ከማለት የገጹን ስም መናገርና በመፈለጊያ ሣጥን መድረስን ማሳየት ዕውቀቱን ለሚቀጥለው ለውጥ ያቆየዋል።

9. ማጠቃለያ

ሥዕላዊ ምናሌና የትእዛዝ መስመር አንዱ ለጀማሪ፣ ሌላው ለሊቅ የተመደቡ አይደሉም። አንዱ የነገሮችን ቦታ፣ ሌላው የነገሮችን ስም ያስተምራል። በሽግግር ማግስት ተጠቃሚው ሥራ እንዳይፈታ የሚያደርገው የመጀመሪያው ነው፤ ከሽግግሩ በኋላ በሰው እጅ እንዳይወድቅ የሚያደርገው ሁለተኛው ነው። በምናሌ ብቻ የሠለጠነ ቤተ ሙከራ በሚቀጥለው የገጽታ ለውጥ እንደገና ሥልጠና ይጠይቃል። ትእዛዝ መገልበጥን ብቻ የተማረ ቤተ ሙከራ ደግሞ አንድ ቀን የጥናት መረጃውን ያጣል። ስለዚህ የሽግግር ዕቅድ ከፈቃድ ክፍያና ከማሽን ብዛት ጎን፣ ተጠቃሚዎቹ የሚያውቁትን በቦታ ነው ወይስ በስም የሚያውቁት የሚለውን ጥያቄ በጽሑፍ መመለስ ይኖርበታል። የሥልጠናው ርዝመትም ሆነ ይዘት ሊወሰን የሚገባው በዚህ መልስ ነው።